የተቀጣውስ የት አለ?

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። የተቀጣውስ የት አለ ብዬ ልጠይቅ?

አንድ ጎረቤቴ ልጃቸው ሞባይል ነጥቆ ተያዘባቸውና «ይሄ የልጆች መብት የሚሉት ነገር ልጆቻችንን ዱርዬ አደረጋቸው» አሉኝ። «እኔ እንደሁ መቅጣቱን አልተውኩም» ብለውም ዘረዘሩልኝ፤ ቀበቶው፣ ጠጠር ላይ ማንበርከኩ፣ በርበሬ ማጠኑ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። በርበሬ በታጠነ ማግስት ከቤት ጠፍቶ መርካቶ አደረ። እዚያ የሚያበላው ጓደኛ አገኘ፤ ንጥቂያውንም ያስተማረው ይኸው ጓደኛ ነው። ታዲያ ልጁን ጎዳና ላይ የጣለው መብቱ ነው ወይስ በርበሬው?

«ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚሉ አሉ። አብረውን ተገርፈው ሰው ሳይሆኑ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? እኔም በልምጭ ነው ያደግሁት። ከአባቴ ልምጭ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሳይያዙ ማጥፋትን ነው።

ሕጋችንም እዚህ ላይ ይወላውላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣት አጥፊ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲገረፍ ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀረ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ቤትን ግን በስም አያነሳም። ይባስ ብሎ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ያስቀጣል ካለ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ ሕጋዊ የእርምት እርምጃን አይመለከትም ይላል። ሕጋዊው የቱ ነው? እስከ ስንት ጅራፍ? ለዳኛ የተከለከለ አርጩሜ ለተናደደ አባት እንዴት ተፈቀደ?

«ታዲያ ልጅ ይለቀቅ?» ትሉኝ ይሆናል። ማን ይለቀቅ አለ! ቆጡት። የወሰደውን ራሱ ይዞ ሄዶ ይመልስ፤ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያጎደለውን ሠርቶ ይክፈል። ይህ ከዱላ ይከብዳል፤ ለወላጅም ጭምር፤ ቁጭ ብሎ መነጋገርን ይጠይቃላ። ዱላን የምንመርጠው እኮ ቶሎ ስለሚያልቅልን ነው።

ያ ልጅ ዓይኑ አብጦ ከግቢ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። እኔም አይቻለሁ። «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብለን አለፍነው። ዛሬ ደግሞ ኪሳችንን ጨብጠን እየሄድን «ዘንድሮ ልጅ ጠፋ» የምንለው እኛው ነን።