የጎፈርስ አሰልጣኞች፦ ማን ተባረረ፣ ማን ተተካ፣ ማን ከፈለ?

በ2025 መጸው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልን አሰልጣኝ የማባረር ወረርሽኝ ይዞት ነበር (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፔን ስቴት ጄምስ ፍራንክሊንን ኦክቶበር 12 አሰናበተ። ሰውዬው ከዘጠኝ ወር በፊት ቡድኑን ለብሔራዊው ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አድርሶ ነበር፤ በዚያው ትምህርት ቤት 104 ጨዋታ አሸንፏል። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈና በቃ። በሁለት ሳምንቱ ሉዊዚያና ስቴት ብራያን ኬሊን ሸኘ። ሁለቱም በውላቸው መሠረት ሲባረሩ የሚገባቸው ገንዘብ ለእያንዳንዳቸው 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ላለመሥራት የሚከፈል ማለት ነው።

እኛም ጋ ወሬው አልቀረም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎፈርስ በዚያው ኦክቶበር ኔብራስካን 24 ለ 6 ረቱ፤ በስምንተኛው ቀን አዮዋ 41 ለ 3 ደቆሳቸው። በመጀመሪያው ቀን "ፒ ጄ ፍሌክን ሌላ ትልቅ ትምህርት ቤት ሳይነጥቀን ደሞዙን ጨምሩለት" ሲሉ የነበሩ ሰዎች በሁለተኛው "ይሄ ሰውዬ ከዚህ በላይ አይወስደንም" ማለት ጀመሩ። በስምንት ቀን ውስጥ! የሐበሻ እግር ኳስ ደጋፊ ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

ይህንን ጉዳይ ለምን እናነሳዋለን የሚል አይጠፋም። ከብሉሚንግተን ሆኖ ሲታይ ፉትቦል የሰው ቤት ጨዋታ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምናየው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን የሚማሩት፣ ብዙዎቻችንም የምንሠራውና የተማርነው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የመንግሥት ተቋም ነው። በ2025 ሰኔ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የመንትዮቹን ከተሞች ካምፓስ የነዋሪ ተማሪዎች ክፍያ 6.5 በመቶ ጨምሮ፣ ከትምህርት ክፍሎች በጀት ደግሞ 7 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ወር አንድ የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። አሰልጣኝ ማባረርና መቅጠር እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ወጪ ነው። ስለዚህ "ማን ይሻል ነበር?" የሚለው ክርክር የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግሌን ሜሰን ነው። ሜሰን ከ1997 እስከ 2006 ለአሥር ዓመት አሰለጠነ፤ 64 አሸነፈ፣ 57 ተሸነፈ። ከእሱ በፊት የነበሩትን ዓመታት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ2003 አሥር ጨዋታ አሸንፎ ሦስት ብቻ ተሸነፈ። ሰባት ጊዜ ቡድኑን ለቦውል አበቃ (ቦውል ማለት ጥሩ ውጤት ያመጡ ቡድኖች በዓመቱ ማብቂያ የሚጋበዙበት ጨዋታ ነው)። ነገር ግን በቢግ ቴን ውስጥ ያለው ውጤት 32 ለ 48 ነው። ደጋፊውን የሚያቃጥለው ደግሞ አሸናፊነቱን በእጁ ይዞ መልቀቁ ነበር። በ2003 ሚሺጋንን እስከ አራተኛው ክፍል 28 ለ 7 ሲመራ ቆይቶ 38 ለ 35 ተሸነፈ። በ2006 ዲሴምበር መጨረሻ በኢንሳይት ቦውል ቴክሳስ ቴክን በ31 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ፣ በተጨማሪ ሰዓት 44 ለ 41 ተረታ። በሁለተኛው ቀን ተባረረ።

እዚህ ላይ ነው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚለው ተረት የሚመጣው። የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ጆኤል ማቱሪ በምትኩ ያመጡት ቲም ብሩስተርን ነው። ብሩስተር አንድም የኮሌጅ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት መርቶ አያውቅም፤ የመጣው ከዴንቨር ብሮንኮስ የረዳት አሰልጣኝነት ወንበር ነው። አፉ ግን ማር ነበር። ጎፈርስ ከ1962 ወዲህ ያላዩትን የሮዝ ቦውል ጨዋታ ቃል እየገባ ከተማ ለከተማ ዞረ። የመጀመሪያ ዓመቱ 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በ2010 ኦክቶበር ሲሰናበት ድምሩ 15 ለ 30 ነበር።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚያወጣው መደምደሚያ "ሜሰን መባረር አልነበረበትም" የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ። ሜሰንን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያኔ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ የመንግሥት ገንዘብ አስፈቅዶ ነበር፤ ከሜትሮዶም ወጥቶ ወደ ካምፓሱ ሊመለስ ነው። ደጋፊው ተስፋ ቆርጧል። አሥር ዓመት በቂ ዕድል ነው። ችግሩ ማባረሩ ሳይሆን፣ ሲያባርሩ በኪሳቸው ስም አለመኖሩ ነው። ሜሰን የተሰናበተው ዲሴምበር 31 ነው። በዚያን ጊዜ ጥሩ ጥሩዎቹ አሰልጣኞች ሥራ ይዘዋል፣ ወይም ቡድናቸው ጋ ለመቆየት ፈርመዋል። ገበያው ከተፈታ በኋላ የሄደ ሰው የተረፈውን ነው የሚገዛው። ለሜሰን የውል ማፍረሻ በሚሊዮኖች ከፍለው የተረፈውን ገዙ።

ኔብራስካም ይህንኑ ትምህርት ሁለት ጊዜ ተምሮታል። በ2003 ፍራንክ ሶሊችን 9 ለ 3 በሆነ ዓመት አባረሩት። በስድስት ዓመት 58 ያሸነፈና 19 ብቻ የተሸነፈ ሰው ነው። ተተኪው ቢል ካላሃን 27 ለ 22 ሆኖ ሄደ። በ2014 ቦ ፔሊኒን በዚያው 9 ለ 3 ላይ አሰናብተው ማይክ ራይሊን አመጡ፤ 19 ለ 19። ያ የቀድሞ ኃያል ቡድን ከዚያ ወዲህ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ከዋልያዎቹ ታሪክ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ በቀረው የመጨረሻ በር ላይ ከናይጄሪያ ጋር ተጋጠመ፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በ2014 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው ቻን ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸንፎ ሲመለስ ተሰናበተ። "ከዚህ በላይ አይወስደንም" ተብሎ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘል ሄደ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁ። ቀጣዩን የአፍሪካ ዋንጫ ያየነው በውበቱ አባተ ጊዜ፣ በ2022 ጃንዋሪ ካሜሩን ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት! የሰውነት ስንብት ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል። ፌዴሬሽኑ ግን እንደ ማቱሪ ሁሉ "ከሱ ቀጥሎስ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ እንዳልነበር ውጤቱ ራሱ ይናገራል።

ማቱሪን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ ብሩስተርን የቀጠረው ያው ሰው በ2010 ዲሴምበር ጄሪ ኪልን ቀጥሯልና። ከኖርዘርን ኢሊኖይ የመጣው ኪል በየሄደበት የወደቀ ቡድን ያነሳ፣ የራሱን ረዳቶች ይዞ የሚዞር፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ 3 ለ 9 ነበር፤ ከዚያ 6 ለ 7፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ 8 ለ 5። ድምሩ 29 ለ 29 ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ "እኩል በእኩል፣ ምን አመጣ?" ሊል ይችላል። ብሩስተር ከተወለት ፍርስራሽ ላይ ተነስቶ እዚያ መድረሱን ያየ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሠራው እሱ ነው ይላል። እኔም ከነዚህ ወገን ነኝ።

ኪል የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ2011 ገና በሁለተኛው ጨዋታ ሜዳው ዳር፣ በሺዎች ፊት ወደቀ። በ2013 እንደገና። በአንድ የከተማችን ጋዜጣ ላይ ሰውዬው በዚህ ሁኔታ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ መቀጠል የለበትም ብሎ የጻፈ አምደኛ ነበር፤ አንባቢው በቁጣ መለሰለት፣ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ይህንን የኛ ሰው ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ይመስለኛል። በኛ አገር በዚህ በሽታ የሚወድቅ ሰው ክብሪት ይጫርበታል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ ልጅ ከሆነ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ለሥራ ኃላፊነት የሚያጨውማ ማን አለ? ዩኒቨርሲቲው ኪልን አላባረረውም። ራሱ በ2015 ኦክቶበር እያለቀሰ፣ ሰውነቴ አልቻለም ብሎ ለቀቀ። ከዓመታት በኋላ ወደ ዋና አሰልጣኝነት ተመልሶ በ2023 ኒው ሜክሲኮ ስቴትን አሥር ጨዋታ አሸንፎለታል። ከጎፈርስ የቅጥር ታሪክ ውስጥ ሳይሸማቀቁ የሚያነሱት ይህንን ነው።

የሚያሸማቅቀው ደግሞ ቀጥሎ መጣ። የኪል ምክትል የነበረው ትሬሲ ክሌይስ ቡድኑን ተረክቦ በ2016 9 ለ 4 አስመዘገበ፤ ከሜሰን 2003 ወዲህ ምርጡ ውጤት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጀመሪያ አንዲት ተማሪ በተጫዋቾች የወሲብ ጥቃት ደረሰብኝ ብላ አመለከተች። ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠረተም። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ምርመራ ግን ዲሴምበር ላይ አሥር ተጫዋቾች እንዲታገዱ አደረገ። የቡድኑ ጓደኞቻቸው "ፍትሕ አልተሰጣቸውም" ብለው ልምምድ አቆሙ። ክሌይስም በትዊተር ኮራሁባችሁ አላቸው። የምርመራው ዝርዝር ለሕዝብ ሲወጣ አድማው በሁለት ቀን ተበተነ። ቡድኑ ሆሊዴይ ቦውልን አሸነፈ። አዲሱ የአትሌቲክስ ዳይሬክተር ማርክ ኮይል ክሌይስን ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 አባረረው።

እስከ ዛሬ "ዘጠኝ ያሸነፈ ሰው እንዴት ይባረራል?" የሚል ደጋፊ አለ። ተጫዋቾቹ ያነሱት የአሠራር ፍትሕ ጥያቄ ተራ ጥያቄ እንዳልነበረ እቀበላለሁ፤ ተከሳሽ የመደመጥ መብት አለው። አሰልጣኝ ግን ተከራካሪ ጠበቃ አይደለም፤ የተቋሙ ኃላፊ ነው። በዚያ ካምፓስ ውስጥ ክሱን ያቀረበችውም ተማሪ ናት። የኮይል ቀዳሚ ኖርዉድ ቲግ በሴት ባልደረቦቹ ላይ ባሳየው ተገቢ ያልሆነ ድርጊት በ2015 ኦገስት ከሥልጣን የለቀቀበት መሥሪያ ቤት መሆኑንም አንርሳ። ልጁን፣ እህቱን እዚያ ዶርም የሚያስገባ ወላጅ ዘጠኝ ድሉን ከምን ጋር ነው የሚመዝነው? ለኔ ኮይል ከወሰናቸው ውሳኔዎች ትክክለኛው ይህ ነው፤ ድሉ ባይኖር ቀላል ይሆንለት ነበር።

ልብ በሉ፦ ክሌይስ የተባረረው ሜሰን በተባረረበት ሰሞን፣ ገበያው ከተፈታ በኋላ ነው። ልዩነቱ ኮይል ስም ይዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፍሌክን አስፈረመ፤ ዌስተርን ሚሺጋንን 13 ለ 1 ያደረሰውን።

ፍሌክ ሰው የሚከፍል ሰው ነው። "ጀልባዋን ቅዘፉ" የሚለው መፈክሩ፣ ሩጫው፣ የማያልቀው ንግግሩ አንዳንዱን ያሰለቻል። መፈክሩ ግን በ2011 ሕፃን ልጁን በልብ ሕመም ካጣበት ሐዘን ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቀ ሰው ትንሽ ይለዝባል። ውጤቱ እነሆ፦ እስከ 2024 የውድድር ዓመት 58 ለ 39። በ2019 11 ለ 2፣ ኦበርንን በአውትባክ ቦውል 31 ለ 24 መርታት። ከሚኒሶታ ጋር የተጫወታቸውን ስድስት የቦውል ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፏል። ከ2004 ጀምሮ ዊስኮንሲን ጋ የከረመውን የፖል ባንያን መጥረቢያ በ2018 ማዲሰን ድረስ ሄዶ አመጣው። በቢግ ቴን ውስጥ ግን በነዚሁ ዓመታት 34 ለ 36 ነው። ከሜሰን ይሻላል፤ ቢሆንም ከግማሽ በታች ነው።

ታዲያ ፍሌክ አዲሱ ሜሰን ነው? በከፊል አዎ። ሁለቱም የሚታመን፣ የሚያሸንፍ፣ ሮዝ ቦውል የማያደርስ ቡድን ሠሩ። ልዩነቱ ዘመኑ ነው። ሜሰን በ11 ቡድኖች ሊግ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ኦሪገንና ዩኤስሲ የገቡበት የ18 ቡድኖች ሊግ ሆኗል። ተጫዋች በየዓመቱ ይዘዋወራል፣ ገንዘብ ያለው ይገዛል። በዚህ ገበያ ውስጥ በየዓመቱ ስምንት ገደማ ማሸነፍ ርካሽ ነገር አይደለም። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚለው የሽማግሌ ምክር ብዙ ጊዜ ያናድደኛል፣ ስንፍና ይመስለኛል። እዚህ ግን በሂሳብም ያዋጣል፦ ማባረሪያ፣ አዲስ ደሞዝ፣ የአዲስ ረዳቶች ደሞዝ፣ ከዚያም የሚሄዱ ተጫዋቾችን መተኪያ። ቲዩሽን በጨመረበት ዓመት ይህንን ሁሉ ለ"ምናልባት" ማውጣት አይገባም። ፍሌክ ይቆይ ባይ ነኝ።

አንድ ቀን መሄዱ ግን አይቀርም፤ ወይ ይነጠቃል ወይ ይሰናበታል። ያኔ ውሉ የሚቀርበው ለዩኒቨርሲቲው የሪጀንቶች ቦርድ ነው። አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ ስምንቱ ከየኮንግረስ ወረዳው፣ አንዱ ተማሪ። የሚመርጣቸው እኛ ድምፅ የምንሰጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ብሉሚንግተን 3ኛው ወረዳ ውስጥ ናት። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ከሞል ኦፍ አሜሪካ ሰማያዊውን ባቡር ይዞ ወደ አረንጓዴው የቀየረ ሰው ካምፓሱ ውስጥ ይወርዳል።