የተበላሸውን ፕሪንተር አትጣሉት



ዘንድሮ ከሁሉ በላይ ያከራከረን የቤተ ሙከራችን ቁልፍ ነው። ዕቃ እንዳይሰበር ብለን ማይክሮስኮፖቹን ቆልፈን ኖርን። ዕቃዎቹ ደኅና ናቸው፤ ብዙ ተማሪዎቻችን ግን ሳይነኳቸው ተመረቁ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ይህን ያሰብነው ስለ አንድ መሣሪያ ስናነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ45 ዘረመሎችን ሥራ በአንድ ጊዜ የለኩበትን የዲኤንኤ ማይክሮአሬይ ይፋ አደረጉ። በመስታወት ላይ የታወቁ ዘረመሎች በጥቃቅን ነጠብጣብ ይታተማሉ። ከሕዋስ ተወስዶ የሚያበራ ቀለም የተደረገበት ናሙና ሲፈስባቸው አቻ ከአቻው ይጣበቃል፤ የበራው ነጠብጣብ የትኛው ዘረመል ሥራ ላይ እንዳለ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ ሲነሣ፣ በጆሴፍ ዴሪሲ ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ መስታወት ቫይረሱ የኮሮና ወገን መሆኑን ለመለየት ረድቷል።

ከፋብሪካ የሚገዛው ውድ ነበር። ስለዚህ የስታንፎርዱ ፓትሪክ ብራውን ቤተ ሙከራ የማተሚያ ሮቦቱን አሠራር ከነዕቃ ዝርዝሩ ለማንም በነፃ ሰጠ። ሮቦቱ እንደ ብዕር ጫፍ በተሰነጠቁ መርፌዎች ጠብታ እየቀዳ መስታወቱን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሲያትል ያሉ ተመራማሪዎች ከኤፕሰን ፕሪንተር ቀለም የሚረጨውን ክፍል ወስደው፣ በቀለም ፋንታ ዲኤንኤ የሚገነባባቸውን አራት ፊደላት ሞሉበት። በአንድ መስታወት 9,800 ልዩ ልዩ ነጠብጣብ አተሙ፤ ንድፉንም ለሁሉ ክፍት አደረጉት።

«ይህ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው» የሚሉን ወላጆች አሉ። እውነት ነው፤ እነዚያ ሰዎች ኬሚካልም ሆነ ሥልጠና አላነሳቸውም። ልጆቻችን ነገ ዲኤንኤ ያትማሉ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን የፕሪንተርን ውስጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ሌላ ሥራ ላሠራው ብሎ አያስብም። እኛም ልጆቻችንን ከማሰብ የከለከልናቸው በቁልፍ ነው።

ስለዚህ በመጪው ዓመት ቤተ ሙከራው መምህር ባለበት ከትምህርት ሰዓት በኋላም ክፍት ይሆናል። ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ የተቀመጠ የማይሠራ ፕሪንተር ካለ አምጡልን፤ ልጆቹ ፈትተው ይዩት። ዕቃ ቢሰበር ወላጅ አናስከፍልም። የሰበረው ተማሪ ግን እንዴት እንደተሰበረ ጽፎ ለጓደኞቹ ያስረዳል።