መኪናው ረክሶ ቀለሙ ሲወደድ

በ1932 ዓ.ም. ክረምት፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በካርቱም ሳሉ፣ ለአርበኞች የተጻፈው የአማርኛ አዋጅ እዚያው ታትሞ በኢትዮጵያ ላይ ከአውሮፕላን እንደ ተበተነ የሚታወስ ነው። የዚያ ዘመን አታሚ ቀለሙን ከወደደው ነጋዴ ይገዛ ነበር እንጂ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ አያስገድደውም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የቢሮ ማተሚያ መኪና በርካሽ ይሸጣል፤ ትርፉ የሚለቀመው ካርትሪጅ ከሚሉት የቀለም ቀፎና ቶነር ከሚሉት የቀለም ዱቄት ነው። በብዙዎቹ ቀፎዎች ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕም መኪናው የሌላ ፋብሪካ ቀፎ እንዳይቀበል ታደርጋለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. ሌክስማርክ የተባለው ኩባንያ ባዶ ቀፎ ሞልተው በሚሸጡ ነጋዴዎች ላይ ባቀረበው ክስ፣ ዕቃውን አንድ ጊዜ የሸጠ በፓተንት መብቱ ገዢውን ሊያግድ አይችልም ሲል ፈርዷል። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ቺፗን ግን አላነሣትም።

የካርቱም ሸክም ከሌላው የከበደ ነው። ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ቆየች። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የአንድ ዶላር መንግሥታዊ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 የሱዳን ፓውንድ ሲወጣ፣ አስመጪው በገበያ አስቀድሞ የቀመሰውን ውድነት መንግሥት በይፋ ማመኑ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የከተማይቱ ጋዜጦች በወረቀት መታተማቸው ተቋረጠ።

ዕዳው በአስመጪው ላይ አይቀርም። ለማመልከቻው አንድ ግልባጭ የሚያስነሣው ስደተኛ፣ ኢትዮጵያዊውም ጭምር፣ ይከፍለዋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች መኪና ሲገዙ የአንዱን ገጽ ወጪ አስቀድመው ቢጠይቁ፣ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላውንም ዓይነት ቢመርጡ፣ ሻጮቹ ሒሳባቸውን እንደ ገና ለመመርመር ይገደዳሉ።