ማስረጃ የሌለው ሕመም ካሣ አያገኝም



«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። የተበከለ ውኃም እንዲሁ ነው። ዛሬ ጠጥተነው፣ ወጥ ሠርተንበት፣ ልጅ አጥበንበት ሕመሙ ብቅ የሚለው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ «ካሡኝ» ብንል በእጃችን ምን አለ?

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ካምፕ ሌጁን የተባለ የጦር ሠፈር አለ። ከ1953 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በዚያ የኖሩ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የብረት ማጽጃና የላውንደሪ ኬሚካል የገባበት ውኃ ሲጠጡ ኖሩ። የታመሙት ሲከሱ፣ የግዛቲቱ ሕግ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ በደል አይሰማም ስለሚል፣ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ አዲስ ሕግ በሩ ተከፈተ፤ ግን ለ2 ዓመት ብቻ። ከ400 ሺህ በላይ ጥያቄ ቀረበ። የሟች ወራሾችም እንዲጠይቁ ተፈቀደ። ሆኖም ጠያቂው ቢያንስ 30 ቀን በቦታው መቆየቱንና ሕመሙ ከውኃው ጋር መያያዙን ማስረዳት ነበረበት። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን ወረቀት ከየት ያምጣ?

የሩቅ አገር ወሬ ነው አንበል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን፦

የውኃው መልክ፣ ሽታ ወይም ጣዕም ሲለወጥ ቀኑን ጻፉ። አቤቱታ ስታቀርቡ ቅጂው ላይ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ሳታስመቱ አትመለሱ። የምርመራ ውጤት፣ የኪራይ ውልና የውኃ ሒሳብ ደረሰኝ አትጣሉ። ለሐኪም ስትቀርቡ የት ሠፈር፣ ስንት ዓመት፣ የምን ውኃ ስትጠቀሙ እንደኖራችሁ ንገሩ፤ ካርዱ ላይም ይጻፍላችሁ። ሕመሙ ከውኃ ነው ብሎ የሚጠረጥር ቀኑ ሳያልፍ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የሠፈሩ ወጣቶች ይጻፉላቸው። ወረቀቱ የት እንደተቀመጠም ቤተሰብ ይወቅ፤ የታመመው ሰው ራሱ መናገር የማይችልበት ቀን ሊመጣ ይችላልና።