ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ

ሰው ለራሱ ግብ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን ይሰይማል፤ የነገውን ሥራ ግን ሳይሰይም ይቀራል። የአገራችን ቅኔ ቤት ሁለቱንም ይሰይማል። ለምሳሌ ከጋሸና በኮን በኩል ያለው ዋድላ ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሳ የቅኔ አገር ነው።

ቅኔ ሊማር የመጣ ልጅ ምኞቱ ሩቅ ነው፤ በማኅሌት ቆሞ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ መዝረፍ። የኔታ ግን ገና ከመምጣቱ መወድስ አምጣ አይሉትም። መጀመሪያ ግሥ ይማራል። ከዚያ 2 ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይለማመዳል። እሱ ሲደላደልለት 3 ቤት ወዳላቸው ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ያልፋል፤ ቀጥሎ 5 ቤት ያለው ዋዜማ፣ ከዚያ 6 ቤት ያለው ሥላሴ፣ እያለ 8 ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። የቅኔውን ዓይነት ሁሉ የቻለ «ቤት ሞላ» ይባላል።

የቀኑ ሥራም እንዲሁ የተቆረሰ ነው። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ይፈታሉ። ተማሪው ለምዱን ተከናንቦ ከሰው ራቅ ይልና የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ ለነገራ፣ ማለትም ቅኔውን አሰምቶ ለማሳረም፣ ይቀርባል። ቤት ያልመታ፣ ልኩ የጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማ ቅኔ እዚያው ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ ስለማይቻል በማግስቱ አዲስ ይቆጥራል። የትምህርቱ ብርታት ያለው ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የት እንደደረሰ ሳያውቅ ወራት አያልፉበትም፤ የሚሰማው ጆሮም በየቀኑ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ በተማሪው ጥረት ብቻ የሚሆን አይደለም። አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ባይኖር ትምህርቱ አይዘልቅም። የዋድላ ደጋ ብርድ ነው፤ በልግ ሲከዳ ገበሬውም ይቸገራል፣ ተማሪውም ይራባል። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ጽፈው ባስቀሩት «መጽሐፈ ትዝታ» ውስጥ የአባታቸው ዘመን የተማሪ ሕይወት ይገኛል። ረኃቡን እንደ በጎ ነገር ማወደስ አይገባም፤ ሊወረስ የሚገባው የሥራው አከፋፈል ነው።

አከፋፈሉ ከቅኔ ውጭም ይሠራል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ «ዘንድሮ ጎበዝ እሆናለሁ» ከሚል ዛሬ የሚሠራቸውን ጥያቄዎች ቢቆጥርና ማታ ለሚያርመው ሰው ቢያሳይ ይበጀዋል። በግ ገዝታ ማርባት የምትፈልግ ሴትም እቁብ ስትገባ ይህንኑ ታደርጋለች፤ የምትጥለው ገንዘብ ልክ አለው፣ የሚጣልበት ቀን አለው፣ ብትቀር የሚጠይቃት ሰው አለ። ለብቻ በልብ የተያዘ ዕቅድ እነዚህ ሦስቱም ይጎድሉታል።

ቤት የሞላ ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎችን ጉባኤ ቃና እየሰማ ያርማል። የሚቀጥለውንም የሚመርጠው ያን ጊዜ ነው፤ ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄድና እንደገና ከጀማሪዎች ጋር ይቀመጣል።