ያረጀ ሽጉጥ ርካሽ አይደለም



ሰሞኑን በየቡናው ላይ አንድ ወሬ ይሰማል። «ሌባ በዛ፤ አዲሱ ሽጉጥ ውድ ነው፤ እንዲያው አሮጌውን ስድስት ጎራሽ ገዝቼ ልታጠቅ» ይባላል። የሚሉትን አልነቅፍም፤ በሌሊት በር ሲነካ የማይደነግጥ የለም። ነገር ግን ብር ከመቁጠር በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

መሣሪያ በእኛ አገር ክብር አለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ዘመን የጅባትና ሜጫ አርበኞች፣ እነ ጃገማ ኬሎ፣ ከጠላት በማረኩት ጭምር ተዋግተውበታል። ዛሬ ግን የዚያ ዘመን ሽጉጥ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ቦዴዮ የሚባለው የጣልያን ሽጉጥማ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1889 ሞዴል ነው። ትክክለኛ ጥይቱ በቀላሉ አይገኝም። ተገኘ ቢባል ወይ ያረጀ ነው፣ ወይ የሌላ መሣሪያ ነው።

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሲያረጅ የሚሽከረከረው የጥይት ቤት ይላላል። ቃታ ሲሳብ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ልክ ካልገጠመ እርሳሱ ተልጦ በጎን ይፈናጠራል፤ ተኳሹንም አጠገቡ የቆመውንም ያቆስላል። ከድሮዎቹም ብዙዎቹ ጎርሰው ሳሉ ከወገብ ቢወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ። ሻጭ ዘይት ቀብቶ ሲያብረቀርቀው ይህ ሁሉ ለዓይን አይታይም።

ሕግም አለ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መግዛትንም፣ መሸጥንም፣ መያዝንም ይከለክላል። በጓሮ የተገዛ ሽጉጥ ሌባው ሳይመጣ ባለቤቱን ያሳስራል። ቤት ውስጥስ ልጅ የለም ወይ? ሞቅ ብሎት የሚገባ ሰውስ የለም ወይ?

የአያቱ ቅርስ ያለው ሰው ጥይት አያጉርሰው፤ ለፖሊስ አሳይቶ በሕጉ መሠረት ይያዝለት።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ለሽጉጡ የታሰበው ገንዘብ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ቢዋጣ የሌሊት ዘበኛ ይቀጠራል፣ የጨለመው መንገድ አምፖል ይገባለታል፣ ለየቤቱም ፊሽካ ይገዛል። ሌባ የአንዱን ሰው ሽጉጥ ሰርቆ ሊሄድ ይችላል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲነሳበት ግን መድረሻ ያጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ በመጀመሪያ እንድንነጋገርበት አሳስባለሁ። ሁላችሁም ሳትቀሩ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ