ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጀማሪ በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያው እርምጃ ሊቀልላቸው ይገባል

በኢሉባቦር ዞን በመቱና በበደሌ መካከል በምትገኘው ያዮ አንድ ገበሬ ሥራ ሲበዛበት ጎረቤቶቹን በደቦ ይጠራል። ለደቦ አዲስ የሆነ ወጣት ልምድ ካለው ሰው ጎን ተሰልፎ አቅሙ የሚፈቅደውን ሥራ ይይዛል። ሥራውንም እየሠራ ይማራል።

በሶፍትዌር ዓለምም ተመሳሳይ የመረዳዳት ባህል አለ። ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ለሌሎች ሊያሰራጨው ይችላል። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በዚሁ መንገድ አድጎ ዛሬ ለበርካታ የዓለም ኮምፒዩተሮች መሠረት ሆኗል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተጣለለት የፋይዳ መታወቂያ ሥርዓት የቆመው በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚያሰባስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ደግሞ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የክፍት ምንጭ ሥራ ነው። አገሪቱ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ከመጠቀም አልፋ በማሻሻሉ ሥራ ድርሻ እንዲኖራት ኮዱን የሚያውቁ ወጣቶች ያስፈልጓታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ለወጣቶች በኢንተርኔት ነፃ ሥልጠና የሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። ሥልጠናውን በያዮ ሆኖ ያጠናቀቀ ወጣት ከየት እንደሚጀምር የሚያሳየው ካጣ የተማረው ሊረሳው ይችላል።

ብራዚላዊው ተመራማሪ ኢጎር ስታይንማከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ጀማሪዎች የሚገጥሟቸውን 58 እንቅፋቶች ለይተዋል። ከእነዚህ መካከል 13ቱ ማኅበራዊ ናቸው። ለጥያቄ መልስ ማጣት፣ የዘገየ መልስና ጨዋነት የጎደለው ምላሽ በዚሁ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ይህም አዲስ ሰው የሚርቀው በችሎታ ማነስ ብቻ ሳይሆን በአቀባበል ጉድለትም መሆኑን ያመለክታል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ብዙ የክፍት ምንጭ ቡድኖች ቀላል ሥራዎችን ለይተው ለጀማሪ የሚመቹ መሆናቸውን የሚገልጽ ምልክት ያደርጉባቸዋል። የመመሪያ ጽሑፍ ማረም፣ የተገኘን ስህተት በዝርዝር መግለጽና የፕሮግራሙን ቃላት ወደ አገር ቋንቋ መተርጎም ከእነዚህ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የጉግል የክረምት መርሐ ግብር ደግሞ እያንዳንዱን ጀማሪ ከአንድ አማካሪ ጋር ያገናኛል።

ጀማሪው አንድ ነገር አስቀድሞ ቢያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ያቀረበው ለውጥ ነባር አባላት መርምረው ሳይቀበሉት ከዋናው ሥራ ጋር አይቀላቀልም። ከተቀላቀለ በኋላ ስህተት ቢገኝበትም ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ የቀደሙት ቅጂዎች ሁሉ ተመዝግበው ይቀመጣሉና።

ለያዮና ለአካባቢው ከተሞች ወጣቶች ቅርብ የሆነው የመቱ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ከፍተኛ ተማሪዎች ጀማሪዎችን በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት ቢያግዙ፣ የመነሻ መመሪያውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ቢደረግ የቋንቋና የግንኙነት መቆራረጥ ችግር ይቃለላል። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር የያዮ ወጣት ለትርጉም ሥራው ከባንጋሎርም ሆነ ከኦስሎ ባለሙያ የተሻለ ዕውቀት አለው።

አንድ ጀማሪ የላከው የመጀመሪያ እርማት ከአንድ መስመር ባይበልጥም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአክብሮት መልስ ካገኘ ሁለተኛውን ለመላክ ይበረታታል። ያዮን ከሰፊው የዓለም የሶፍትዌር ሥራ ጋር የማገናኘቱ ጥረትም ከዚሁ አነስተኛ እርምጃ ሊጀምር ይገባል።